እህሉ ያንተ፣ አገዳው የእኔ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ስለ ጨዋማ መሬት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጉራ ነው የሚል ይበል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፤ ቁጥር የተማርኩት የጥጥ እርሻው የውሃ በር ላይ ከተተከለው መለኪያ ብረት ነው። የቀረውን ያስተማረኝ መሬት ነው። ዛሬ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ቁርአን በዝግታም ቢሆን እቀራለሁ፣ ይህንንም የምጽፈው ማንም ሳያግዘኝ ነው።

ከወሎ የመጣሁት በጉርምስናዬ ነው፣ ለጥጥ ለቀማ። ሌሎቹ ለቀማው ሲያልቅ ተመለሱ፤ እኔ መልካ ወረር ቀረሁና ውሃ አጠጪ ሆንኩ። ውሃ ማጠጣት ለሚያየው ቀላል ነው፤ በር ትከፍታለህ፣ በር ትዘጋለህ። መቼ እንደሚዘጋ የማያውቅ ግን መሬት ገዳይ ነው። ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ። ውሃውን ይለቁትና ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። ውሃ ከመጠን በላይ ሲጠልቅ ከሥር ያለውን ጨው ይቀሰቅሳል፤ ፀሐይ ደግሞ ወደ ላይ ትስበዋለች። ዓመታት ሲያልፉ ማሳው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጥጡ ይቀጭጫል፣ ቀጥሎ ጭራሽ አይበቅልም።

እኔ አፈር ቀምሼ ምን እንደሚሸከም እናገር ነበር። ይህ ማሽላ ይችላል፣ ይህ ጥጥ ብቻ፣ ይህ ምንም። እዚያው ያለው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ይስቁብኝ ነበር። አንዷ ግን ከተለያየ ቦታ አፈር በጣሳ አምጥታ አስቀመሰችኝ፤ እሷ በመሣሪያ ለካች፣ እኔ በምላሴ። የተሳሳትኩት በአንዱ ጣሳ ብቻ ነው፣ ያን ቀን ትኩሳት ነበረብኝ። እሷም መሬት መሸፈን እንዳለበት፣ ፀሐይ ካላየችው ጨው ቶሎ እንደማይወጣ ነገረችኝ። ጥሩ ነገር ከሰማሁ እወስዳለሁ። ያልተማረ ሰው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከማንም ቢወስድ አያፍርም።

የጥጥ እርሻው ሲዳከም ብዙው መሬት ወደ አካባቢው ጎሳዎች ተመለሰ። ያን ጊዜ አንድ የአፋር ሽማግሌ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው፣ በቦዩ ጫፍ ያለውን ማንም የማይፈልገውን ነጭ መሬት አሳየኝ። ስምምነታችን በወረቀት አልሰፈረም። በግማሽ አማርኛና በግማሽ አፋርኛ፣ በጥላ ሥር ቆመን፣ «እህሉ ያንተ፣ አገዳው የእኔ» አለኝ። ሰው የሚበላውን እኔ እወስዳለሁ፤ ከእህሉ ከተመቸኝ አቀምሰዋለሁ። ማሳው ላይ የሚቀረውን አገዳና ገለባ የእሱ ፍየሎችና ግመሎች ይበሉታል። በዚያ አገር አገዳ ትርፍ ነገር አይደለም። ድርቅ ሲመጣ አገዳ ያለው ሰው ከብት ያለው ሰው ነው።

በታችኛው በኩል ማንጣፈፊያ ቦይ ቆፈርኩ፣ በአካፋ፣ ብቻዬን። ውሃ አስገብቼ አስወጣሁ፣ ደግሜ አስገብቼ አስወጣሁ፣ ጨውን አጠብኩት። መጀመሪያ ማሽላ ዘራሁ። የመጀመሪያው ዓመት ለወፍ አልበቃም። ከዚያ በኋላ ግን ለእኛም በቃ። ማሾ ጨመርኩ፣ ዳር ዳሩን የሽፈራው ዛፍ ተከልኩ። ማዳበሪያ ገዝቼ አላውቅም፤ የፍየል በጠጥ ነበር የማለብሰው። ሰዎች ለማየት ይመጡ ነበር። የሚጠይቀኝን ሁሉ አስረዳለሁ፣ የማይጠይቀኝንም አስረዳለሁ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። እህሉ ሲነሳ ከብቶቹ ይገቡና አገዳውን ከሥሩ ይግጡታል። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ጨው ተመልሶ ይነሳል። አገዳው መሬት ላይ መቅረት ነበረበት። ግን ቃል ቃል ነው፣ አገዳው የእኔ አይደለም። አሰብኩበት። መልሱን ያገኘሁት ሁሉም ሰው የሚረግመው ዛፍ ላይ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፕሮሶፒስ የሚሉት፣ እኛ ወያኔ ዛፍ የምንለው፣ ግጦሹን ሁሉ የወረሰው እሾሃም ዛፍ። ፍሬው ጣፋጭ ነው። ፍየል እንዳለ ስትበላው ዘሩ በሆዷ አልፎ፣ በበጠጧ ውስጥ ሆኖ፣ በወደቀበት ይበቅላል፤ ዛፉ አገሩን የሞላው እንደዚያ ነው። ዘሩ ከተፈጨ ግን አይበቅልም፣ መኖም ይሆናል። ሽማግሌውን «አገዳውን ተውልኝ፣ በምትኩ የዛፉን ፍሬ ለቅሜ፣ አስፈጭቼ ለፍየሎችህ እሰጣለሁ» አልኩት። ልጆቹን አማከረና እሺ አለ። ፍየሎቹ ወፈሩ። መሬቴ ተሸፈነ። ይህን ያሰበ ሌላ ሰው የለም፤ ካለ ከእኔ አይቶ ነው።

ቤቴ አዋሽ ከተማ ነበር። ሰኞ ወደ ማሳዬ እወርዳለሁ፣ ሐሙስ ለጁምዓ እንድደርስ እመለሳለሁ። በቤታችን የሚበላው መሬቴ የሰጠው ነበር፤ የማሽላ ገንፎ፣ ማሾ በሽፈራው ቅጠል፣ የፍየል ወተት። ሥጋ በዒድ፣ ወይም እንግዳ ሲመጣ። በሻይ ቤት ለሚቀመጡት ሁሉ እነግራቸው ነበር፤ ከሩቅ አገር በአይሱዙ ተጭኖ ግማሹ መንገድ ላይ የሚበሰብስ ቲማቲም መብላት ነዳጅ መብላት ነው፣ በየቀኑ ጥሬ ሥጋ መቁረጥም የግጦሹን አገር ሁሉ መቁረጥ ነው። ከደጋ የመጡት የቢሮ ሰዎች ይስቃሉ። አንዱ አስተማሪ፣ በጾም ወራት ብቻ ሽሮ የሚበላ፣ «ባለ ማሾው መጣ፣ ሥጋችሁን ደብቁ» ይል ነበር። ሚስቴም ትስቅ ነበር። «ዓለምን በማሾ ሊያድናት ነው፤ እኔን ግን ከጋዝ ማን ያድነኛል?» ትላለች፤ ማሾ ይነፋታል። ቢሆንም ትበላ ነበር። ሁለቱን ልጆቻችንንም በዚያ ነው ያሳደግነው።

ሚስቴ በኩላሊት ታመመች። ሴት ልጃችን ሰመራ ቢሮ ትሠራ ስለነበር ወደ እሷ ወሰድናት፣ ከዚያ ዱብቲ ሆስፒታል። ከዱብቲ አልተመለሰችም። ሰመራ ቀበርናት። ንፋስ ነበር። ሰዎች ያናግሩኝ ነበር፣ እኔም እመልስላቸው ነበር። ልጄ «አባዬ፣ አልቅስ እንጂ» አለችኝ። ለምን እንደምትለኝ ገባኝ፤ ግን ምንም አልመጣም። የምበላው ምግብ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም ነበር፣ በምላሴ የምኮራው ሰው። ሰመራ ብዙ ቆየሁ። ልጄ ከዚህ በኋላ እዚሁ ኑር፣ በረንዳ ላይ ቁጭ በል፣ እኔ አለሁልህ አለችኝ። ማሳ አለኝ አልኳት። የቀረኝ ያ ማሳ ብቻ ነበር።

መልካ ወረር ስደርስ ማሳዬ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የሽማግሌው ቤተሰብ ሐዘን ላይ መሆኔን ሰምተው፣ ሥራው እንዳይቆምብኝ ብለው፣ የበረታቸውን በጠጥ ሁሉ በጆንያ ተሸክመው አምጥተው በትነውልኛል። ሴቶቹ ጭምር፣ በዚያ ሙቀት። አፋር በጠጥ ተሸክሞ የሰው ማሳ ላይ ሲበትን እኔ ከዚያ በፊት አላየሁም። ሽማግሌው «ለቅሶህን ሰመራ መጥተን መድረስ አልቻልንም» አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ፍሬውንም በእኔ ፈንታ አስፈጭተው ለፍየሎቹ ሲሰጡ እንደሰነበቱ ነገሩኝ።

ማሽላና ማሾ ዘርቼ ውሃ ለቀቅኩ። መጀመሪያ የወጣው ማሽላም ማሾም አልነበረም። ቅጠሉን ሳየው አወቅኩት። ከቦዩ እስከ ማንጣፈፊያው፣ ማሳው በሙሉ ወያኔ ዛፍ አበቀለ፣ እንደ ጤፍ ተጠጋግቶ።

አንድ የቀረ በጠጥ አንስቼ በጥፍሬ ፈረከስኩት። ዘሩ እንዳለ ነበር፣ ያልተሰበረ። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም እንደዚያው።

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለ ወፍጮው የአገሬ የወሎ ልጅ ነው። በፊት እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር የማስፈጨው፣ ፍሬውንም እስኪሰባበር ካላደረቅኩት አላመጣም። «ኧረ ጋሼ፣ ፍሬው እርጥብ ነበር፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ማር ተጣበቀብኝ» አለኝ። «ድንጋዩን ትንሽ አላላሁት። ለፍየል አይደል እንዴ? ፍየል ምን ታማርጣለች?» አስቀምጦ ሻይ አዘዘልኝ። ጠጣሁና ወጣሁ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ ቁጣውን አጣሁት።

ችግኙን መንቀል ጀመርኩ። ያ ዛፍ ገና ጣት ሳያክል ሥሩ ክንድ ይሆናል። ውሃ አጠጥቼ በለሰለሰበት ነቀልኩ፣ ነቀልኩ፤ ከፊቴ ስነቅል ከኋላዬ ይበቅላል። ማሾው ታፈነ። ማሽላው ጥቂት ወጣ። እጄን እሾህ ይወጋኛል፣ ማታ ደም አያለሁ፣ ሲወጋኝ ግን አልሰማም።

የሽማግሌው ታላቅ ልጅ ይህን አየ። መጥፎ ልጅ አይደለም። ስልክ አለው፣ ሞተር አለው፣ አገሩ ወደፊት ሲሄድ ቆሞ ማየት አይፈልግም። በዙሪያችን ያለው መሬት ሁሉ በኮንትራት ለሽንኩርት እየተሰጠ ነበር፤ ትራክተር ይዘው ይመጣሉ፣ የአረም መድኃኒትና ማዳበሪያ ያፈሳሉ፣ ውሃ ያጥለቀልቃሉ፣ መሬቱ ሲደክም ለቀው ይሄዳሉ። «አባባ» አለኝ፣ «ይህን በእጅህ አትጨርሰውም። ትራክተር ነው የሚነቅለው። ትራክተር ያለው ደግሞ ሽንኩርት ነው የሚፈልገው።» ሽንኩርቱ በጥቂት ዓመት ጨውን እንደሚመልሰው ነገርኩት። «ማሾህን ይዘህ ተቀመጥ እንጂ ዓለም ሁሉ ሽንኩርት ነው የሚበላው» አለኝ። እየቀለደ ነበር። ነገሩን አባቱ እንዲወስን ተስማማን።

ሽማግሌው ከልጁ ጋር መጣ። ቦዩ ዳር ካለው ጥላ ሥር ተቀመጥን። እንደ ሥርዓታቸው መጀመሪያ ወሬ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። ወሬው ሳያልቅ ጉዳይ አይነሳም። አዳይቱ በኩል ዝናብ ጥሎ ሳሩ ብቅ እንዳለ፣ የአንድ ዘመዱ ግመል መንገድ ላይ በመኪና እንደተመታ፣ ወንዙ ከላይ እየሞላ እንደሆነ አወራኝ። እኔም ያለኝን አወራሁ። ልጁ ስልኩን ያያል።

ከዚያ ሽማግሌው ማሳውን ረጅም ጊዜ አየ። «ይህ ዛፍ በአንተ ማሳ በቅሎ አያውቅም» አለ። «ዳር ላይ እንኳ ስትነቅለው ነው የኖርከው። አሁን የመጣው እኛ በጠጥ ከበተንን በኋላ ነው። ከእኛ ነው?»

ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በእነሱ ሥርዓት ሰው የሌላውን ንብረት ሳያውቅም ቢያበላሽ ካሳ አለበት፤ ጎሳው አብሮት ይክሳል። «አዎ፣ ከእናንተ ነው» ብዬው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው መሬቱን እስክሞት አይነካብኝም ነበር። ልጁም አባቱ ላይ ቃል አይጨምርም። ዘሩን በጥፍሬ አይቼዋለሁ፣ ወፍጮውም ምስክር ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

«ከእናንተ አይደለም» አልኩት። «ከእኔ ነው። ቦዩን ሳልጠርግ ውሃ ለቀቅኩበት። ውሃው የወደቀውን ፍሬ ሁሉ ጠርጎ ማሳው ውስጥ አስገባው። እንደዚያ እንደሚሆን አላወቅኩም ነበር።»

ልጁ ከስልኩ ቀና ብሎ ሳቀ። «አባባ፣ አንተ የማታውቀው ነገር አለ እንዴ?»

«አለ» አልኩት።

ሽማግሌው አልሳቀም። ፊቴን አየኝ፤ ያመነኝ ይመስለኛል፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ውሃን አላወቅኩም ስል ሰምቶ አያውቅም፣ እኔም ብዬ አላውቅም። በበትሩ ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገና «እንግዲያው ልጁ ያለው ይሁን» አለ። ከቦዩ አጠገብ ያለችውን ጥግ ለማሾ ትሁንህ፣ ሽንኩርቱ አይነካትም አለኝ። አመሰገንኩት፣ አልወሰድኩም። በሽንኩርት መሀል የተቀመጠች ማሾ በመድኃኒቱ ትሞታለች። ይህን ግን አልነገርኩትም። ደክሞኝ ነበር። ሲሄዱ የግመል ወተት ትተውልኝ ሄዱ።

ዛፉ ከእነሱ በጠጥ መምጣቱን ለምን እንዳልነገርኩት ብዙ አላሰብኩም። እነዚያ ሴቶች በጆንያ ተሸክመው ያመጡት ለሚስቴ ነበር። ያንን ዕዳ አድርጌ ልመልስባቸው አልቻልኩም፤ ያለው ነገር ይኸው ነው። ሽማግሌው ዘንድሮ ሞተ፣ አላህ ይማረው። ልጁ አማርኛ ማንበብ አይወድም። ስለዚህ አሁን ብጽፈው ማንንም አይጎዳም።

ትራክተሩ ሲገባ ቆሜ አየሁ። አገዳ ሸፍኖት የኖረውን መሬት ገለበጠው። አፈሩ ጥቁር ነበር። ሹፌሩ ወርዶ በእጁ ዘገነና «ይህ መሬት እንዴት ነው እንዲህ የሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪመሽ አስረዳው ነበር። «ቆይቶ ነው» አልኩትና ሄድኩ።

የአዋሹን ቤት ለተከራይ ሰጥቼ ወደ ሰመራ መጣሁ። ሰመራ ሰፊ መንገድና ንፋስ ነው። አትክልቱ ሁሉ ከደጋ በመኪና ይመጣል፤ ገበያ ሲደርስ ጎመኑ ጠውልጓል። ልጄ ፓስታና ሩዝ ታበስላለች፣ ጊዜ የላትም። አሁን የማበስለው እኔ ነኝ። ማሾ አገኛለሁ፣ የሌላ ሰው ማሾ። ሠርታ ስትገባ ትበላለች፣ «ጨው አነሰው አባዬ» ትለኛለች። እጨምራለሁ። በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል። መጀመሪያ ማንነቴን አያውቁም ነበር፤ አሁን ነግሬያቸዋለሁ።

የቢሮ ሰው ሲሞት የሠራው ይነበብለታል። የእኔን የሚያነብ ስለሌለ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ማንም በማይፈልገው ነጭ መሬት ላይ ማሽላ አብቅያለሁ።

ማንጣፈፊያ ቦይ ያለ መሐንዲስ ቆፍሬያለሁ፤ ዛሬም ይሠራል፣ ሽንኩርቱም በእሱ ነው የሚኖረው።

ጨው በምላሴ ለክቼ ከመሣሪያ ጋር ተስማምቻለሁ፣ ከአንድ ጣሳ በስተቀር።

አንድ ከረጢት ማዳበሪያ ሳልገዛ ቤተሰብ መግቤያለሁ፤ ለእንግዳም ተርፏል።

የተረገመ ዛፍ ፍሬ ፍየል እንዲያወፍር አድርጌያለሁ። የተበላሸው እኔ በሌለሁበት ነው።

ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ሁለቱም ማሾ አይወዱም፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

ከአንድ ሰው ጋር ያለ ወረቀትና ያለ ምስክር፣ መሬት ተካፍዬ፣ ሳልጣላ ኖሬያለሁ።

ሚስቴን ቀብሬያለሁ።

አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ አላወቅኩም ብያለሁ።

ሰመራ ላይ፣ በልጄ ግቢ፣ በልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ሽፈራው ተክያለሁ። ሁለቱ ደረቁ። ሦስተኛው ትከሻዬ ጋ ደርሷል። ጎረቤቶች ሳያስፈቅዱ ቅጠሉን ይቀጥፋሉ፤ እንዴት እንደሚሠራ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።